አንድ ዛፍ ለአንድ ኮከብ

በሰማንያ ዘጠኝ፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ፣
ኮከብ ወረደልን ጅማ፣ በጠራራ ፀሐይ፤
በሁለት ላንድክሩዘር፣ ባንድ አሮጌ አይሱዙ፣
ካሜራና መብራት፣ ጄኔሬተር ጓዙ።

ዘፋኙ ነበረ፣ ያ ካሴቱ ያለቀ፤
ጎል አግቢው ነበረ፣ ጉልበቱ የደቀቀ፤
ሳሙና የምታስተዋውቀው ያች ተዋናይ፤
ኮሜዲያኑም አለ፣ አፉን ሳይከፍት የሚያስቅ፣ ገና ሲታይ።

ከሄርማታ ሠፈር አርባ ልጅ መርጠው፣
«ደን ናችሁ» አሉና በአረንጓዴ ቀብተው
ቦዬ ረግረግ ዳር ደርድረው አቆሙን።
(ሸሚዛችንን ማን እንደሚያጥብ ማንም አልነገረን።)
እኔ ዝግባ ሆንኩኝ፣ ሐሊማ ሾላ፤
አጭሩ ነስረዲን ዛፍ ቢያጡለት ኋላ
«ቁጥቋጦ ነህ» ብለው አስቀመጡት ከሥር፤
ዛሬም ቁጥቋጦ ነው፣ አራት ልጆች ወልዶ፣ ስሙ በኛ ሠፈር።

ተዋናይዋ ችግኟን ይዛ ተንበረከከች።
ዕንባ ግን እምቢ አለ፤ ቪክስ ተቀባች።
«ይነቀል! ይደገም!» — ደመና መጣ፤
«ይነቀል! ይደገም!» — ከሸንበቆው መሐል አንድ ወይፈን ወጣ፤
«ይነቀል! ይደገም!» — የጫማዋ ተረከዝ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤
በሰባተኛው ላይ ዳይሬክተሩ «ግሩም!» አለ፣ ሰዓቱን ቆጠረ።
የችግኟ ሥር ያን ጊዜ ክር መስሎ ነበረ።

ታፔላም ቆመላቸው፣ በየችግኙ ጎን፣
ስማቸው በቀይ ተጽፎ። ከችግኙ ይልቅ የታፔላው ጉድጓድ መጥለቁን
ያየን እኛ ደኖቹ ነን፤
ደን ደግሞ ማንም አይጠይቀው ምስክርነቱን።

ቅዳሜ ማታ፣ በነሐሴ፣ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣
ካቦርት የደረበ፣ ጥላ የያዘ ሕዝብ ሲጋፋ ሲናጥ፣
ሊቀመንበሩ ኪሱን ዳብሶ ከፈተ የቴሌቪዥኑን ሳጥን።
ዘፋኙ ዘፈነ፤ ጎል አግቢው ስለ አፈር መሸርሸር አነበበልን፤
ኮሜዲያኑ መጥረቢያ ሆኖ አለቀሰ፤ ሣቅን።
ቀጥሎ አቅራቢዋ ፈገግ ብላ «አሁን ወደ ጅማ…» ስትል ሰማን፤
እናቴ ክንዴን ጨበጠች።

መብራት ጠፋ።

ሲመጣ ባንዲራው እየተውለበለበ፣ ስርጭቱ አብቅቶ ነበር፤
ነስረዲን ብቻ «እኔን አያችሁ?» እያለ ሰው በሰው ይዞር ነበር።

ዳግም አልታየም።
አሁን አጂፕ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ፤ የድሮ ካሴት
ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ፤ የሠርግ፣ የልደት፣ የለቅሶ።
አዲስ አበባ የጠየቅኩት ሰው «በላዩ ቦክስ ተቀርፆበታል» አለኝ፣ «ጨርሶ»።
ዘፋኙንም አንድ ሆቴል አገኘሁት፤
«ጅማ? እኔ? መቼ?» አለ፣ ሾርባውን እያማሰለ።

ቦዬም ጠበበ፤ ግማሹ ጡብ ሆነ፣ ግማሹ ባሕር ዛፍ፤
አንዱ ታፔላ የዶሮ ቤት በር ነው፣ አንዱ የቦይ መሻገሪያ፣ የማይነበብ ጽሑፍ።
ከዚያ ሁሉ ችግኝ አንድ ዛፍ ቆሟል፣ መንገዱ ዳር፤
ጎሚስታው ሙዘይን ከመነዳሪ ይሰቅልበታል።
ማን እንደ ተከለው ብጠይቀው
«እኔ ስመጣ እዚሁ ነበር» ይላል።

ባለፈው ሐምሌ አንዲት ሴት የሠርጓን ካሴት አመጣች።
ዳቦው ተቆረሰ፣ ጭፈራው አለቀ፤ ቴፑ ግን አላለቀም።
ከሠርጉ በታች ሳይጠፋ የቀረ ስድስት ሰከንድ፦
አረንጓዴ ክርን። የኔ ይሁን የሐሊማ አላውቅም።
ከክርኑ ኋላ፣ በደበዘዘው በኩል፣ ባልዲ የያዘ ሽማግሌ፤
አባ ፎጊ፣ የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ፣
ኮከቦቹ ከሄዱ በኋላ አራት በጋ ሙሉ ውሃ ያመላለሰ።
ከካሜራው ጀርባ አንድ ድምፅ
«ያንን ሰውዬ ከፍሬሙ አውጡልኝ!» ይላል።
አባ ፎጊ አይሰማም።
ባልዲውን ያዘነብላል።

ከዚያ ስክሪኑን ነጭ ጉንዳን ወረረው።

«ይሄኛውን ቁረጪው» አለችኝ ሴትዮዋ፣ ቦርሳዋን እየከፈተች፤
«የኛ አይደለም።»