ማቀዝቀዣው አናት ላይ

ደብዳቤው አጭር ነው፤ ሦስት መስመር ብቻ፣
ላሥራ አንድ ክረምት ላብ አንዲት ገጽ መፍቻ፦
«ስፖንሰር ታጥቷል፣ መርሐ ግብሩም ጠቧል፣
የሴት ክለቦች ዋንጫ ከዘንድሮ ቀርቷል።
ከአክብሮት ጋር።»
ሄልካ አነበበች፣ ደግማ አነበበችው፣
ከዓሣው ሚዛን ላይ ወስዳ አስቀመጠችው።
አሥራ ሁለት ግራም።
ያ ሁሉ የመርከብ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ማስመለስ፣
የቱሊኪ ጉልበት፣ የሲርካ የፊት ጥርስ፣
ተጠቅልሎ ሲታሰር አሥራ ሁለት ግራም።
ሣቀች። ሣቋ ግን ጉሮሮዋን አላለፈም።

የነርሱ ሰዓት ሁሌም የተረፈው ነበር፤
ወንዶቹ ጠግበውት፣ ሕፃናቱ ወድቀው ተነሥተውበት
በረዶው እንደ አሮጌ ጣውላ ተፋፍቆ ሲቀር፣
ከምሽቱ አራት ተኩል፣
ያኔ ይገባሉ፦ አዋላጇ ቱሊኪ፣
ሲርካ አውቶቡሷን አቁማ፣ የሾፌር ካፖርቷን ሳታወልቅ፣
ሄልካም፣ ቀን በሳልሞን ሆድ ቢላዋ ስታሾልክ የምትውል፣
ማታ ሰፌድ በሚያህል ጓንት በር የምትጠብቅ፣
ጥቁሯን የጎማ ሩር ካየር የምትቀልብ፣
ጣቶቿን የዓሣ ሽታ የማይለቃት መቼም።

የመጨረሻው ዋንጫ በላትቪያ ነበር፣
በቬልታ ከተማ፣ በቬልታ ሰው ፊት።
አሥራ አንድ ሰከንድ ሲቀር
ቬልታ መታቻት፤ ብረቱ ጮኸ፤
አዳራሹ ተነሣ፤
ገባች የተባለችው ቋሚውን ስማ ወጣች።
ሲጨባበጡ፣ ቬልታ በተሰባበረ ጀርመንኛ
«ለሚመጣው ዓመት» አለች።
የሚመጣው ዓመት አልመጣም።

ዋንጫውን የጠየቀ የለም። ደንቡ «ለአንድ ዓመት» ይላል፣
ከዓመቱ ወዲያ ስላለው ዝም ይላል።
ማቀዝቀዣው አናት ላይ ተቀመጠ፤
ባትሪ፣ የጀልባ ቁልፍ፣ የውሻ ክኒን ዋጠ።
እግሩ ዙሪያ ጥፍር የሚያህሉ ሰሌዳዎች አሉ፤
አሥራ አንዱ ስም አላቸው፣
ዘጠኙ ይጠብቃሉ።
ሌሊት ሞተሩ ሲነሣ፣ ግድግዳውን እየነካ
ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፤
«ዝም በል» ትለዋለች ሄልካ
ከአልጋዋ ሆና።

በየካቲት በየካቲቱ ፖስት ካርድ፦
ያው ድልድይ፣ ያው ቃል፦
«ዋንጫዬን አቧራ ጥረጊልኝ።»
«ጠርጌዋለሁ» ትመልሳለች። ውሸቷን ነው።

በስምንተኛው ዓመት ቬልታ መጣች፣
ስድስት ሴቶች ይዛ፣ ጉልበታቸው በፋሻ፣
የጫማቸው ምላጭ ዝጎ።
ከዓሣ ፋብሪካው ጀርባ፣ ባሕሩ በጠጠረበት፣
የሳልሞን ሣጥን በር ሆነ።
በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል በኛ አገር፤
እዚያ የሚቆጣም የማይቆጣም ጌታ አልነበር፣
ዳኛም፣ ፊሽካም፤
አንድ ውሻ ብቻ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያሳድድ።
ሦስት ለሦስት ሳሉ ጨለመ።
ሩሯ በረዶ ውስጥ ገባች፤
አሥራ አራት ሴት ተንበርክኮ ፈለጋት፤ የለችም።
በሚያዝያ ባሕሩ ይወስዳታል።

ቬልታ ጥርስ ሠሪ ናት።
ሄልካ ራሷ ዋንጫውን አወረደችላትና
ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ቆመች።
ቬልታ ጉልበቷ ላይ አጋደመችው፣ እንደ በሽተኛ፤
መሰርሰሪያዋ ጮኸ፤
በአሥራ ሁለተኛው ሰሌዳ ጻፈች።
የከተማዋን ስም አይደለም። የሄልካንም አይደለም።
ሦስት ፊደል፦ «ቬል»።
ሄልካ በጣቷ ዳሰሰችው፣
«ቪየላ?» አለች በራሷ ቋንቋ፤
ቬልታ ራሷን ነቀነቀች።
ጎረቤት ቃላት ናቸው፣ አንድ ባሕር የሚካፈሉ።
እኔ ወደ አማርኛ ላሻግረው ብል አልቸገርም፤
ዱላውንም፣ ጨዋታውንም፣ ያልደረሰውንም ቀን
የምጠራው በአንድ ስም ነው፦
ገና።

ከዚያ ቬልታ ዋንጫውን አቀፈች፤ ተራዋ ነው።
ሄልካ ልትሸኛት ከቦታዋ ስትነቃነቅ
ማቀዝቀዣው አናት ላይ ክብ ታየ፣ ንጹሕ፣ ነጭ፣
ዙሪያው የስምንት ዓመት አቧራ።
ቬልታ አየችው። ሄልካን አየቻት።
ጣቷን አቧራው ላይ አሾረችና
አፍንጫዋን ቀባቻት።