ስምንተኛው ቤት

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሽምብጥ፣ ካክስቴ ቤት፣
ዘራችን ተቆጠረ እስከ ሰባት ቤት።
አያ ውባንተ ናቸው፣ ጣት እያጠፉ፣
ካያት ወደ ቅድመ አያት እያሳለፉ፤
«በሜጫ አይገናኝ፣ በአቸፈርም የለ፣
ደማቸው አይነካካም፣ ይጋቡ» ተባለ።

እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ፤
የሞቱት በሙሉ በስም ተቆጠሩ፣
በሕይወት ያሉቱ ሳይጠየቁ ቀሩ።

ይስማው የመርከብ ሰው፣ ሞተር ጠጋኝ ነው፣
ጥፍሩ ሥር ያለ ቅባት ሳሙና የማይፈታው፤
ከዚህ እስከ ጎርጎራ፣ በየማረፊያው፣
ስንት ፋኖስ እንደበራለት እሱ ነው የሚያውቀው።

አክስቴ የውብዳር፣
«ወንድ ልጅ በዋለበት አይጠየቅም» አለች፣
«መርከብ ነው፤ ያርፋል፣ ይነሣል።»
«ወደቡስ?» አልኳት። «ወደብ ይጠየቃል?»
ሽንኩርቷን ከተፈች።

ማክሰኞ ማታ፣ ከውሃው ዳር፣ ዋርካው ሥር፣
ጀልባው ሲላተም ከግንቡ ጋር፣
«ሙቶቻችንን ቆጥረዋል» አልኩት፣
«አሁን ወደቡን ቁጠርልኝ።»
መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተቆጣ።
ከዚያ ፊቱን ወደ ጣና አዞረ።

«ዘጌ፣ ማንም። ታቦቱን እፈራለሁ።
ደቅ፣ አንድ ክረምት፣ ማዕበል ሲያሳድረን።
ቁንዝላ፣ አረቄ ቤት ያላት፤ ስሟን ተዪው፣ ልጅ አላት።
ደልጊ…»
ደልጊ ላይ ቆመ፣ ሞተሩ እንደጠፋ።

«አንቺስ?» አለ ቆይቶ።
ይህን ከጓዳ ሆኜ አላሰብኩትም።
«አንድ» አልኩ፣ «ጨርቃ ጨርቅ፣ የማታ ፈረቃ።»
ድምፄ ከውሃው አነሰ።

አባይ ማዶ ጤና ጣቢያ፣ ወረፋ ቁጥር አሥራ አንድ፣
ሲስተር ጥሩአየሁ ጣታችንን ወጋች፣ አንድ ባንድ፤
ካያቶቼ ሁሉ ይልቅ የምታውቀኝን ጠብታ
ወሰደችና፣ «አሥራ አምስት ደቂቃ» አለችን።
ከሰባት ትውልድ ይረዝማል።

ውጤቱን አልነግራችሁም።
አያ ውባንተ፣ እርስዎ ያልደረሱበትን ቤት
እኛ ቆጠርነው፤ በሩንም እኛው ዘጋነው።

ሰርጉ ተበላ፣ ድንኳኑ ተነቀለ።
መሳቢያው ውስጥ፣ ከሰርጋችን ፎቶ ሥር፣ ኮንዶም አለ፤
«ለባለትዳር ምን ሊያደርግለት» የሚል ካለ፣
እሱም ቤቱን ይቁጠር።

ማታ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ይጮኻል።
አንዳችን ክኒን ይውጣል፣
አንዳችን ውሃ ይቀዳል።
አክስቴ ቫይታሚን ይመስላታል።
የሚውጠው ማን፣ የሚቀዳው ማን፣ ጎረቤት አያውቅም፤
አንዳንዴ እኔም እረሳዋለሁ።