በሰባተኛው መታጠፊያ

ከጦሳ ሥር፣ ከጫማ መደብሩ በላይ፣
አንዲት ክፍል አለችን፣ መስኮቷ የማይታይ፤
ግድግዳዋ የእንቁላል ካርቶን ለብሷል፤
ሰኞ ገበያ ያለ ቁርስ ቤት ሁሉ ለዚህ ጣቢያ እንቁላል ሰብሯል።

እኔ ይመር ነኝ፣ ድምፅ የማስተካክል፤
ስሜ በአየር አይነሣም፣ ድምፄም አይባል።
ጆሮዬ ግን ያውቃል፦
ማን ከመዋሸቱ በፊት ምራቁን እንደሚውጥ፣
ማን ስለ ውሃ ሲጠየቅ ወንበሩ ላይ እንደሚንቆራጠጥ።

ሙሄ የሚባል ሾፌር አለን፣ የሲኖትራክ፣
ሀረጎን ሲወርድ የሚሰማን፣ በየሳምንቱ መልእክት የሚልክ።
ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ገደሉ ድምፃችንን ይውጣል፤
ዘጠነኛው ላይ ይተፋዋል።
«ከሰባት እስከ ዘጠኝ ምን አላችሁ?» ይላል ሁልጊዜ።
እኔም የጠፋበትን ጽፌ በረዳቱ እጅ እልካለሁ፣
አንዳንዴ አንድ መስመር፣ አንዳንዴ አንድ ስም ብቻ።

ማክሰኞ የፊልም ነው። ጦይባ ትመጣለች፣
ሻሿን ከማዳመጫው ሥር አስተካክላ ትቀመጣለች።
ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ የሲሚንቶ መጋዘን ነው፤
እሷ ናት ፊልሙን በቃል የምታሳየው፦
«አሁን በሩ ተከፈተ። ሰውዬው አልገባም።
እጁ ላይ ደብዳቤ አለ፤ ፖስታው አልተቀደደም።»
ይኼኔ ስልክ ይጮኻል። ጋሽ እንድሪስ ናቸው፣ ከሆጤ፣ ዓይነ ስውሩ፦
«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ቀለሙ ምንድን ነው በሩ?»
ጦይባ ዝም።
ሦስት ጊዜ ያየችው ፊልም፣
በሩን አላየችውም።
(በሳምንቱ ነገረቻቸው። አረንጓዴ ነበር፣ ከታች የተላጠ።
«እንዲያ ነው የጠረጠርኩ» አሉ፤ ሳቃቸው የመለኪያውን መርፌ አናወጠ።)

ሐሙስ የዘፈን። ይርጋ መጣ፣ የኮምቦልቻ ሸማኔ፣ የማሽን ሠራተኛ፣
ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ገና ሳይተኛ።
ስልኩ ላይ የቀዳው የፋብሪካውን ጩኸት ነበር፣
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ክር በክር።
እኔ ጫጫታ መስሎኝ ልቀንሰው እጄን ሰደድኩ፤
ክራሩን ሲያነሣ መለስኩ።
«ስምንት ዓመት ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ነው» አለ፣
«እናንተ አትሰሙም እንጂ ማሽኑ ባቲ ነው የሚለው።»

ቅዳሜ ክርክር ነው።
ኃላፊው ሊመጡ ነበር፣ ስለ ቧንቧው።
«እየመጣሁ ነው» አሉ። ቀጥለው «ስብሰባ» አሉ። ከዚያ ስልካቸው ጠፋ።
ውሃቸው ተቀድቷል፤ ወንበራቸው ተስቦ አፉን እንደከፈተ ተኮፍሷል።
አራጋሽ ጥያቄዋን ለወንበሩ አነበበች፦
«ከየቤቱ የተዋጣው ብር የት ደረሰ?» ለመልሱም ጊዜ ሰጠች።
በጣቷ አመለከተችኝ። ገባኝ።
የባዶውን ወንበር ማይክ ከፈትኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ።

አንድ ደቂቃ።

የባጃጅ ጥሩምባ። ከታች የጫማ ሻጩ ሳል።
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፤ ቧንቧዋ በዘጠኝ ቀን አንዴ በሚያንጠባጥብላት ከተማ
ውሃ ሲወርድ ይሰማል።

ሰኞ ተደወለ፦ «ዝምታዬን እንድታስተላልፉ ማን ፈቀደ?»
አራጋሽ፦ «ጌታዬ፣ ሌላ ያሉት የለም፤ ካለ እናርማለን፣ መቼም ስሕተት ተለመደ።»

ሙሄ በዚያ ቅዳሜ ሀረጎን ጨርሶ፣
ሜዳው ላይ ነበር፣ ኮምቦልቻ ጎሚስታው ዘንድ ደርሶ።
ዝምታዋ ስትመጣ ሬዲዮውን በመዳፉ መታው፣
አንቴናውን ወዲያ አጣመመ፣ ወዲህ አቃናው።
«ገደሉ ተከትሎኝ የወረደ መሰለኝ» ብሎ ላከ፣
«ሜዳ ላይ ደግሞ ምን መታጠፊያ አለ?
ሰውዬው ምን አሉ?»

ወረቀት አወጣሁ። ቀኑን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን፣
የአራጋሽን ጥያቄ፣ እንዳለ ቃሉን።
ከሥሩ አንድ ደቂቃ የሚያህል ነጭ ተውኩለት፣
ግርጌው ላይ «ዝናብ» ብዬ ጨመርኩበት፣
አጠፍኩት።