በአንደኛ ማርሽ

ሸዋ በር ነው ሱቄ፣ ከጎማ ሠሪው ግድግዳ ጋር፤
ብሎን በቆርኪ፣ ስክሪን በካርቶን፣ የሞቱ ባትሪዎች ክምር።
የሞሚናን ስልክ ያን ቀን ጠዋት መስታወቱን ቀየርሁላት፤
"አሁን ጥርት ብሎ ይታይሻል" አልኋት።
ጥርት ብሎ ታያት።

ረፋዱ ላይ ፎቶው መጣ፤
ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልወጣ።
አይሱዙ ነው፣ ጎማው ወደ ሰማይ፣ ሆዱ ለፀሐይ የተሰጣ፤
ከሥሩ ጥቂት ቃል፦ "ይማም። ሐረጎ ላይ። ሞተ።"
ወሬው ፒያሳን አልፎ፣ ሆጤ ወርዶ፣ ሙጋድ ደርሶ ተመለሰ፤
እኔ ዘንድ ዳግም ሲመጣ፣ አንድ ረዳት ጨምሮ፣ ደም ለብሶ ደረሰ።

እኔስ? እኔም ላክሁት። ለአሥራ ሰባት ሰው።
ጣቴ ከልቤ ቀድሞ ነካው።
የስልክ ሆድ ዕቃ ፈትቼ የማውቅ፣ ሽቦውን በስም የምጠራ፣
ወሬውን ከነሽፋኑ ዋጥሁት፤ ሳልከፍት፣ ሳላጣራ።

ሞሚና በርበሬ ነጋዴ ናት፣ ሰኞ ገበያ፤
ዛላውን ሰብራ ሳታሸት ሳንቲም አትከፍልም፤
እጇ ሚዛን፣ ዓይኗ ወንፊት።
ያን ቀን አላሸተተችም፤ ማን ያሸታል ሞት ሲመጣ ፊት ለፊት?
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ፤ ዓይንም ተከተለ፣
ያላየውን አየሁ አለ።

ይማም ጋ ደወልን።
"የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" አለች ያቺ ሴት፣
የማታለቅሰው፤ እሷንም ምስክር ብለን ቆጠርናት።
ድንኳን ተተከለ።

ደምለው መካኒኩ ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣
የእጁን ግራሶ በሱሪው ጠርጎ፣ ስልኩን ተቀብሎ፣ ዓይኑን አፍጦ፣
በሁለት ጣት ምስሉን ወጠረው።
"መሪው በቀኝ ነው" አለ። ማንም አልሰማው።
"የእኛ አገር መሪ በግራ ነው። ይሄ መኪና የእኛ አይደለም።"
"ሰው ሞቶ አንተ ስለ መሪ!" አለው አንዱ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፤
ደምለው ተመለሰ ወደ ጥጉ፣ አንገቱን ሰብሮ።

ይማም ያን ሰዓት
ከኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጭኖ፣ ባትሪው ያለቀ ስልክ በኪሱ፣
ሐረጎን ይወጣ ነበር፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ጉሙን እየቀደመው ጭሱ።
ወሬው ቦርከናና ጦሳን ሰባት ጊዜ ሲመላለስ፣
እውነቱ ገና ጠመዝማዛው ላይ ነበር፤ ቀስ በቀስ።

ሲመሽ ደረሰ። የራሱን ድንኳን አየ።
ነጠላውን ከጋቢናው እየሳበ
"ማን ሞተብን?" አለ።
ሞሚና ጮኸች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ በጥፊ መታችው።
ንፍሮው ለሞተው ተቀቅሎ፣ ያልሞተው ዘገነው።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፎቶውን መልሼ ከፈትሁት፤
እንደ ደምለው በሁለት ጣት ወጠርሁት።
መሪው በቀኝ ነው። ከመስኮቱ የወጣ እጅ አለ፣ ሰዓት ያሰረ።
ያ ሰው ማን ነበረ?
መኪናው መገልበጡን ተገልብጧል፤ ሰውየውም ሞቷል፤
መሪ በቀኝ በሚያዝበት አገር፣ አንድ መንደር፣ ድንኳን ተተክሎለታል።
እኛ የእኛ አለመሆኑን ስናውቅ ተሳስቀን ተበተንን።

ትናንት ደግሞ መጣ። ያው አይሱዙ፣ ያው እጅ፣ ያው ሰዓት፤
ስሙ ብቻ ሌላ ነው፣ ወልድያ ተብሎ ተጽፎለት።
ጣቴ ተነሣ፤ ልማዱ ነው። አየር ላይ ያዝሁት።
ሰዓቱን አጎላሁት።
ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ይላል፤
በእኛ ይሁን በእነሱ አቆጣጠር፣ ማን ያውቃል።