ነጭ ዕዳ

ዝናብ መስኮቱን ሲልስ ይመሻል፤ ደብሊን እንዲህ ናት።
ማቀዝቀዣው ጥግ ላይ ያጉረመርማል፣ እንደ አኩራፊ አማት።
እዚያ ውስጥ፣ ጆንጆ፣ ዛሬም አንተ አለህ፤
ከተረከዝህ የቀዳሁት፣ ዘጠኝ ቀን ሲሞላህ፣
አንዲት ክብ ጠብታ፣ ከምስር ፍሬ ያልላቀች፣
ስምህ ከጎኗ ተጽፎ ወረቀት ላይ የደረቀች።

እናትህ ብሪጂ በሩን በክርኗ ገፍታ ስትገባ
ፊትህ የሎሚ ልጣጭ፣ ልቅሶህ ጉልበት የከዳው፤
ጡቷ ግን ሞልቶ፣ ሸሚዟ ላይ ሲያነባ።
«ይጠባል፣ ያስመልሳል። ደግሞ ይጠባል፣ ይዝላል።
ልጅ እንዴት፣ ዶክተር፣ ጡት ሞልቶለት ይከሳል?»
ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ መልስ ሁሉ ያለኝ ይመስለኝ ነበርና፣
«ጡትሽን ከልክይው» አልኳት፣ ካርድ እየሞላሁ፣ ሳልል ቀና።

ዝም አለች። ከዚያ ያለችኝን አልረሳውም፦
«ከመጠጥ ቤቱ በር መለሳችሁን፤
ከመንገዱ ዳር፣ ከነተጎታች ቤታችን፣ በፖሊስ አስነሣችሁን፤
አሁን ደግሞ ከጡቴ?»

መልስ አልነበረኝም። ጠርሙስ ነበረኝ፣
የአኩሪ አተር ወተት፣ ሽታው እኔንም የሚከብደኝ።
አራት ሌሊት በዚያ አጠጣችህ፤
የራሷን በመታጠቢያው እያለበች፣ እንዳልሰማ ቧንቧውን ከፍታ።
በአምስተኛው ጠዋት ዓይንህ ነጣ፣ እግርህ ብርድ ልብሱን መታ።
ብሪጂ ሳቀች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ፣ ላንድ አፍታ።

ባሊናስሎ፣ የፈረስ ገበያ። ጥቅምት ነው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ።
አያትህ ፓውዲ የባዝራዋን ጥርስ ለገዢ ገልጦ
ዘሯን ሰባት ቤት ቆጠረ፣ ሳይሳሳት፣ ሳይመለስ።
«የሰውስ?» አልኩት።
«ያው ነው። ዘር ከልጓም ይስባል» አለና ቀጠለ፤
እኔ በእርሳስ ክብና አራት ማዕዘን ስደረድር
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሙታኑን በየስማቸው ጠራ።
«እዚህ ላይ አንዲት ነበረች፣ ሆዷ ተነፍቶ የሄደች።
እዚህም አንድ። እዚህ መንታ፣ ስም ሳይወጣላቸው።
ቄሱ ብርድ ነው አለ። ሰፈሩ እናቶቹን አማ።»
ክቦቹን እየሰረዝኩ እርሳሴ ተሰበረ።
ግማሹን አባት፣ ግማሹን እናት፣ ሳያውቁ የፈረሙባት ዕዳ፣
ወተት የመሰለች፣ ነጭ፤
ከሕፃን ከንፈር የምትሰበሰብ፣ በእናት እጅ፣ በፍቅር ጓዳ።

ከዚያ ወዲያ ጭብጨባ መጣ። ጄኔቫ ላይ ምስልህን አሳየሁ፤
(የእግርህን ጣት ብቻ። ስለ ፊትህ ለእናትህ ቃል ገብቻለሁ።)

አሁን አስራ አንድ ዓመትህ ነው። ወተት ባፍህ አልዞረም፤
ቅቤ፣ አይብ፣ የልደት ኬክ፣ አንዲት ቀንም።
ታዲያ ቃሉ ለምን ጉሮሮህ ላይ ይሰናከላል?
ቁጥሩስ ከሰሌዳው ደብተርህ ሳይደርስ ለምን ይወድቃል?
ስንት ዓመት በሩን ዘግቼ ዘብ ቆሜ፣
ሌባው ለካ የቤት ልጅ ነው።
የከለከልንህን ስኳር ሰውነትህ ራሱ ይጠምቀዋል፣
ሌሊት፣ ስትተኛ፣ ጠብ ጠብ እያደረገ ከውስጥ ይቀዳዋል።
ይህን በሦስት ገጽ ጽፌዋለሁ። ሠንጠረዥም አለው።
ለብሪጂ ባንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ነው ያቃተኝ።
«ምን እንደማደርግ አላውቅም» ስላት ወንበሯን ወደ እኔ አቀረበች፤
«ያኔም እንዲህ ብትይኝ ኖሮ» አለች፣ «ቶሎ አምንሽ ነበር።»

ትናንት ለደም መጣህ። እጅጌህን ራስህ ሰበሰብክ፤
ስለ አዲሷ ውርንጭላ ልታወራኝ ጀመርክ።
«ስ… ስሟ… ስሟ…»
ነርሷ ልትጨርስልህ አፏን ስትከፍት እጄን አነሣሁ።
ግንባርህ ላበ። ጫማህ ወለሉን መታ መታ አደረገ።
ከኋላዬ ማሽኑ ጮኸ፣ ቁጥር አውጥቶ፤
አልዞርኩም።
እየጠበቅኩህ ነው፣ ጆንጆ። አትቸኩል።