የቅርጫት ኳስ ክለባችን መዝገብ

መዝገቡ ሲከፈት፣ ገጽ አንድ ላይ ያለው
የበርሜል ቀለበት፣ ሻረው የበየደው፤
መረብ ከጎርጎራ፣ ዓሣ የሸተተ፣
ኳስ በገባ ቁጥር፣ ሐይቁን የጎተተ።

ደመወዝ ባይባልም፣ ላሸነፈ ሃያ፣
ለተሸነፈ ሻይ፣ አራዳ ገበያ።
ጥሩዓለም ከባንክ፣ ቁልፏን አስረክባ፣
አንጓች ከሐኪም ቤት፣ ተረኝነት ደርባ፣
ፊሽካ ሊነፋ ሲል፣ ይደርሱ ነበረ፤
ለጠጠሩ ሜዳ፣ ጉልበት ተገበረ።

ገጽ አርባ፦ ዕዳ።
ገጽ አርባ አንድ፦ ባዶ።

አዘዞ ግንብ ላይ ነው፣ ቀለበቱ ታስሮ፣
የሚያገባ አጥቶ፣ ቆሞ ቀር ዘንድሮ።

ትናንት ግን አንዲት ልጅ፣ ኳሷን አቅፋ መጥታ
«ጸሐፊው አንተ ነህ?» ስትለኝ በቀስታ፣
ባዶውን ገጽ ገለጥሁ።