ሊብሬ የሌላት

አዘዞ፣ ጋራዡ ጓሮ፣ ከዛገ በርሜል ሥር፣
ባለ አራት ጎማ ሞተር ሸራ ለብሳ ነበር።
አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ወንበሯ ተቀዷል፣
የማን አገር ጭቃ እንደሆነ እንጃ፣ እግሯ ላይ ደርቋል።

ደላላው መጣና እጁን ዘረጋልኝ፤
‹አታላይ እባላለሁ› ብሎ ተዋወቀኝ።
እናቱ ስም ስታወጣ ሞትን ልትሸውድ ነው፤
እኔን ግን አልዋሸኝም፣ የከፋውም ይኼው።

‹ሊብሬ የላትም› አለ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣
‹ሰሌዳዋም ወልቋል፤ የሻንሲዋ ቁጥር በሞረድ ተሻረ።
ሞተሯ ግን ጤና ነው፣ ስማት እስቲ!› አለና
በቁልፍ ፈንታ ምስማር ሰክቶ አስነሣትና
ጓሮው በጢስ ታፈነ፤ ዶሮው በረገገ፤
የእኔ ልብ ብቻ ፊቷ አደገደገ።

ወፍጮ ጠጋኝ ነኝ እኔ። በለሳ ነው እንጀራዬ፤
መንገድ በሌለበት ድንጋይ አለቀ ጫማዬ።
ቺንጋና ኩሽኔታ በጀርባዬ አዝዬ
ስንት ገደል ወረድሁ፣ ‹በቅሎ በኖረኝ› ብዬ።

‹ለትራፊክስ?› አልሁት። ‹አስፋልት አታስነካት፤
ኬላውን ሽሽና በአንገረብ ማዶ ንዳት።
መንገድ በሌለበት ማን ወረቀት ያያል?› አለኝ።
ነገሩ ወንጀል ነው፤ አባባሉ ግን ቅኔ መሰለኝ።

ውሉን በዘይት ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፍነው፤
ምስክራችንም አንድ ዘበኛና አንድ ጎሚስታ ነው።
‹ሻጭ› በሚለው ቦታ ስም ሳይጻፍ ቀረ፤
ብሩ ግን ተቆጠረ፤ ሁለቴ ተቆጠረ።

እንጉዳይ ዞራ አየቻት። ‹የማን ናት?› አለችኝ።
‹የእኛ ናት።› ‹በምን ውል?› ዝም ስል ሳቀችብኝ፤
‹እኔስ ብሆን› አለች፣ ‹በየትኛው ፊርማ ነው ያመጣኸኝ?
ሃያ ሁለት ዓመት! ማዘጋጃ ቤት አላየኝ።›

ኅዳር፣ ማሽላ ሲቆረጥ፣ በለሳ ወረድን።
ዳገቱን ሳልነግራት ታውቀዋለች፤ መታጠፊያው ላይ
መሪው እጄን ይጎትታል፣ እንደ በቅሎ ቤቷን ስታይ።
ከቋጥኙ ማዶ ልጆች እየሮጡ
‹ይርሳው መጣ! ይርሳው!› እያሉ ወጡ፤
ፊቴን ሲያዩ ጊዜ ባሉበት ቆሙ።
አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ፦ ‹እሱስ?› አለች።

የከብት ክትባት ነበር አሉ የሚያመጣው፣
የበረዶ ሣጥኑን ኋላዋ ላይ አስሮ፣ ክረምት የማይመልሰው።
አምና በጥር ሄደ፣ ‹ማክሰኞ እመለሳለሁ› እንዳለ፤
ማክሰኞ ስንቴ መጣ! እሱ ግን የለ።
ሞተ? ሸጠ? ተቀማ? ማንም አልጠየቀኝ፤
ዝምታቸው ብቻ እንደ ኬላ አቆመኝ።
ካርቶኑ ኪሴ ውስጥ ነበር። ላውጣው ብዬ ተውሁት።
ለማን ነው የማነብበው?

ወይዘሮ ሻሼ ገባ ብላ፣ በጭድ የተጠቀለለ
አሥር እንቁላል አመጣች፤ ‹ዕዳ ነው፣ የዋለ ያደረ፣ የከረመ፣
የላሜ መርፌ ነው። ካገኘኸው ስጠው።
ካላገኘኸው...› ብላ ሳትጨርሰው
የፍሬኗን እጀታ ዳበሰችና ገባች።

እንቁላሉን በሣጥኑ ቦታ በገመድ አስሬ
ዳገቱን በቀስታ ወጣሁ፣ ጠጠር ቆጥሬ።
አዘዞ በሌሊት ደረስሁ። ጋራዡ ተዘግቷል፤
የአታላይም ስልክ ‹ለጊዜው አይገኙም› ይላል።
ጎሚስታውን ቀሰቀስሁት፦ ‹ይርሳው የሚባል ታውቃለህ?›
‹አንተ ደግሞ፣ በዚህ ሌሊት ስም ትፈልጋለህ?›

እንጉዳይ ባትሪ ይዛ ወጣች።
‹ሊብሬዋ ተገኘ ወይ?› ስትል ቀለደች።
‹ተገኘ› አልኋት። ጭዱን ገልጣ ቆጠረች፤
አሥር። አንዱም አልተሰበረም።
ከዚያ ወዲያ የትኛችንም አልሳቅንም።